የአክታ ናሙናዋን ማን ያመላልሳል? የቲቢ ዓለም አቀፍ ትብብር ከጣና ዳር ሲታይ

የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2025 የውጭ እርዳታን በአንድ ፊርማ ካገደ ወዲህ፣ በተለይም ዩኤስኤአይዲ የተባለው የተራድኦ ድርጅት በዚያው ዓመት አጋማሽ በይፋ ከተዘጋ በኋላ፣ ባሕር ዳር ላይ ስለ ሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የሚወራው ወሬ ሁለት ጫፍ ይዟል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንደኛው ወሬ «መድኃኒቱ ሊያልቅ ነው፤ የተረፈውም በገንዘብ ይሆናል» ይላል። ሁለተኛው «መድኃኒቱ ጤና ጣቢያው ውስጥ አለ፣ ዛሬም በነጻ ይሰጣል፤ ታዲያ ምን ጎደለ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ የተቃረኑ ይመስላሉ እንጂ አንድ ስሕተት ይጋራሉ። ዓለም አቀፍ ትብብር ማለት ከውጭ ተጭኖ የሚመጣ ኪኒን ነው ብለው ያስባሉ። ኪኒኑ ግን በቀላሉ አይቋረጥም። ቀድሞ የሚቋረጠው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ለማየት ደግሞ ጄኔቫ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፣ ጣና ዳር መቆም ይበቃል።

በሽታውና ስሙ

ስሙ ራሱ ስለሚያሳስት ከእርሱ መጀመር ይሻላል። «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ካንሰርን ለመጥራትም የሚጠቀሙበት ብዙዎች ናቸው። በዚህ የተነሣ «ሳንባ ነቀርሳ ነው» የተባለ ሰው የማይድን በሽታ የተነገረው መስሎት ይደነግጣል። ቲቢ ግን ሮበርት ኮክ ማርች 24 ቀን 1882 በርሊን ላይ ይፋ ባደረገው ባክቴሪያ የሚመጣ፣ በትንፋሽ የሚተላለፍና በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። በየዓመቱ መጋቢት 15 የሚታሰበው የዓለም የቲቢ ቀን የተወሰደው ከዚያ ዕለት ነው።

ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ባክቴሪያው ወደ ሰውነቱ ገብቶ ያውቃል ተብሎ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከመቶ ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ከቀሩት አንዳንዶቹ ባክቴሪያውን ያጠፉታል፤ ሌሎቹ «ድብቅ ቲቢ» የሚባለውን ይዘው፣ ሳያስሉና ለማንም ሳያስተላልፉ ይኖራሉ። ኤችአይቪ፣ የምግብ እጥረትና የስኳር በሽታ ድብቁን ይቀሰቅሱታል። የታመመ ሰው በተለመደው ሕክምና አራት መድኃኒቶችን ለሁለት ወር፣ ከዚያም ሁለቱን ለአራት ወር ይወስዳል።

ሌላው አሳሳች ስም «መድኃኒት የተላመደ ቲቢ» የሚለው ነው። ሲሰሙት ታማሚው ኪኒን ከማብዛቱ የተነሣ ሰውነቱ የለመደው ያስመስላል። የለመደው ባክቴሪያው ነው። ስለዚህ አንድም የቲቢ ኪኒን ቀምሶ የማያውቅ ሰው የተላመደውን ባክቴሪያ ከጎረቤቱ በትንፋሽ ሊቀበል ይችላል። ሕክምናውን አቋርጦ የሚጠፋ ታማሚ ጉዳይ የራሱ ብቻ የማይሆነውም፣ የአንድ አገር የቲቢ መርሐ ግብር መዳከም ሌላውን አገር የሚያስጨንቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከደቅ ደሴት የተነሣች ናሙና

ጣና ሐይቅ ውስጥ ባለችው ደቅ ደሴት ሳል ከያዘው ሁለት ሳምንት ያለፈው ዓሣ አጥማጅ አለ እንበል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክዳኗ አጥብቆ የሚዘጋ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጥታው፣ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ አክታውን ከደረቱ ስቦ እንዲተፋባት፣ ምራቅ እንዳይሰጣት ትነግረዋለች። ናሙናዋ በበረዶ ሳጥን ተይዛ ጀልባ ትሳፈራለች። ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ጠዋት ካልተነሣች ለማግሥቱ ልትውል ትችላለች። ከወደቡ ደግሞ ወደ ላቦራቶሪ የሚያደርሳት ሰው፣ ሞተር ብስክሌት ወይም ባጃጅ ያስፈልጋታል።

ላቦራቶሪው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ካለው ነገሩ ይፈጥናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 መጨረሻ የተቀበለው ይህ መሣሪያ የባክቴሪያውን ዘረ መል ይፈልጋል፤ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ቲቢ መኖሩንና ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋና መድኃኒት መላመዱን አብሮ ይናገራል። በማይክሮስኮፕ የሚደረገው የቆየ ምርመራ ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ አይችልም፤ ከመጀመሪያውም ብዙ ያመልጠዋል። ጂን ኤክስፐርት ግን ያለ ኤሌክትሪክ አይሠራም፣ ልኬቱ በየጊዜው መስተካከል አለበት፣ ለእያንዳንዱ ምርመራም ካርትሪጅ የምትባል፣ አንድ ጊዜ አገልግላ የምትጣል የፕላስቲክ ማኅደር ይበላል።

ሪፋምፒሲንን የተላመደ ባክቴሪያ ከተገኘ ናሙና ወደ ከፍተኛ ላቦራቶሪ ይላካል፤ በክልሉ ይህን ሥራ የያዘው ባሕር ዳር የሚገኘው የአማራ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። እዚያ ባክቴሪያውን አሳድጎ የማየት ሥራ፣ ካልቸር የሚባለው፣ ይከናወናል። አንዱ ዘዴ ከእንቁላል በተሠራ አረንጓዴ ምግብ ላይ ናሙናውን ዘርቶ መጠበቅ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ እንደ ሌሎቹ በአንድ ሌሊት አይበዛም፤ ለዓይን የሚታይ ነገር እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል። ናሙናዋ በመንገድ ላይ ከሞቀች ሌላ ባክቴሪያ ቀድሞ ይወርራትና የሳምንታቱ ጥበቃ ከንቱ ይቀራል።

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። በዚህ ጉዞ ውስጥ የጀልባ ዋጋ፣ በረዶ፣ ነዳጅ፣ የመሣሪያ ጥገና፣ ውጤቱን መልሶ የሚያደርስ ስልክ፣ የታማሚውን ቤተሰብ የሚመረምር ሰውና ሥራውን ተዘዋውሮ የሚያይ ተቆጣጣሪ የውሎ አበል አለ። አንዱም መድኃኒት አይደለም፤ አንዱም የምርቃት ሪባን አይቆረጥለትም። በአማራ ክልል የዚህ ወጪ ትልቅ ክፍል ለዓመታት የተሸፈነው በውጭ ፕሮጀክቶች ነበር። ከ2011 እስከ 2016 በአማራና በኦሮሚያ የተሠራው ሂል ቲቢ በአሜሪካ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ነበር፤ ቻሌንጅ ቲቢ፣ ቀጥሎም ኢሊሚኔት ቲቢ ተተክተዋል። ናሙናዎች በኢትዮጵያ ፖስታ እንዲጓጓዙ የተዘረጋው አሠራርም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው፤ ደብዳቤ እየቀነሰበት ለመጣ መሥሪያ ቤት አክታ ማመላለስ የተገኘለት ብልሃት የሚደነቅ ነበር።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የዓለምን አጠቃላይ ሒሳብ የሚያይ ሰው ይደናገራል። ለቲቢ ከሚወጣው ገንዘብ 80 በመቶ ያህሉ ከየአገሮቹ ካዝና የሚወጣ ነው፤ ይህን ጠቅሰው «እርዳታው ቢቆምስ?» የሚሉ አሉ። አኃዙ እውነት ነው፤ ይሁንና ከፍ ያደረጉት እንደ ቻይና፣ ሩሲያ፣ ሕንድ፣ ብራዚልና ደቡብ አፍሪካ ያሉ የራሳቸውን ወጪ የሚችሉ አገሮች ናቸው። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ለብቻ ስናይ ከግማሽ በላዩ የውጭ ገንዘብ ነው።

የውጭው ገንዘብ በዋናነት በሁለት ቦይ ይፈስሳል። አንደኛው በ2002 የተቋቋመው፣ ብዙ መንግሥታት የሚያዋጡበት ግሎባል ፈንድ ነው፤ ለቲቢ ከሚመጣው ዓለም አቀፍ ገንዘብ ከሦስት አራተኛ የሚጠጋው የሚያልፈው በእርሱ ነው። ሁለተኛው ከመንግሥት ለመንግሥት የሚሰጠው ሲሆን፣ በዚህ ረገድ አሜሪካ ብቻዋን በዓመት ከ200 እስከ 250 ሚሊዮን ዶላር ትሰጥ እንደነበር የዓለም ጤና ድርጅት ገልጿል፤ ይህም ከለጋሾች ጠቅላላ ገንዘብ ሩቡ ገደማ ነው። በጥር 2025 የተነካው በቀጥታ ይህ ሁለተኛው ቦይ ነው። በዚያው ሰሞን በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ ወደ 5,000 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር መጻፉ በስፋት ተዘግቦ ነበር።

የመጀመሪያውም ቢሆን ሳስቷል። ግሎባል ፈንድ በኅዳር 2025 ጆሃንስበርግ ላይ ባካሄደው የገንዘብ ማሰባሰቢያ 18 ቢሊዮን ዶላር ፈልጎ ያገኘው የ11.34 ቢሊዮን ቃል ነው።

ሁለቱን ቦዮች መለየት የሚጠቅመው ወሬዎቹን ለመመዘን ነው። ዋናዎቹ መድኃኒቶች በግሎባል ፈንድና በመንግሥት ግዢ በኩል ቀድመው የሚታዘዙ ስለሆኑ፣ ከዕገዳው በማግሥቱ ከመደርደሪያ አልጠፉም። መድኃኒቱን የሚያከፋፍለው አገልግሎት ባሕር ዳር ቅርንጫፍ አለው፤ መጋዘኑ እንደቀድሞው ይሠራል። የሁለቱ ወገን ሟርትና መጽናኛ ግማሽ እውነት የሚሆነው ለዚህ ነው። የፕሮጀክቱ መኪና ግን በዚያው ሳምንት ቆሟል።

የቅርጫው ሒሳብ

ኪኒኑ ከሌላው ይልቅ ለምን ጸና? ለበዓል ብቻውን በሬ የሚገዛና ቅርጫ የሚገባ ሰው ለአንድ ኪሎ ሥጋ እኩል አይከፍሉም። ዓለም አቀፉ የቲቢ መድኃኒት ግዢ በቅርጫ ሥርዓት ነው የሚሄደው። በ2001 የተመሠረተው ግሎባል ድራግ ፋሲሊቲ የብዙ አገሮችን ፍላጎት አንድ ላይ ሰብስቦ፣ ጥራታቸው ከተረጋገጠ ፋብሪካዎች በጅምላ ይገዛል። በዚህ የተነሣ የስድስት ወሩ የተለመደ ሕክምና መድኃኒት ለአንድ ሰው ከመቶ ዶላር በታች ይገኛል። እንደ ኢትዮጵያ ያለ አገር ብቻውን ተደራድሮ ይህን ዋጋ ማግኘቱ ያጠራጥራል።

ቅርጫው ግን በሬውን የሚሸጠው ነጋዴ አንድ ብቻ ከሆነ ብዙ አይረዳም። ቤዳኩዊሊን የተባለው፣ መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ኪኒን በ2012 መጨረሻ ሲፈቀድ በአርባ ዓመት ገደማ ውስጥ የመጣ የመጀመሪያው አዲስ ዓይነት የቲቢ መድኃኒት ነበር። ከእርሱ በፊት ታማሚው እስከ 20 ወር ድረስ መድኃኒት ይወስድ፣ ለወራትም በየቀኑ መርፌ ይወጋ ነበር፤ መርፌው የብዙዎችን የመስማት ችሎታ አጥፍቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ቤዳኩዊሊንን ከሌሎች ሦስት ጋር አጣምሮ የሚሰጥ፣ ሁሉም በአፍ የሚወሰድ የስድስት ወር ሕክምና መከረ። ዋጋው ግን በአንድ ባለ ፓተንት ኩባንያ እጅ ነበር። ፓተንት ማለት ለፈጠራው ባለቤት ለተወሰነ ዘመን የሚሰጥ ብቸኛ የማምረትና የመሸጥ መብት ነው። ኩባንያው ይህን ዘመን ለማራዘም ሕንድ ውስጥ ያቀረበውን ማመልከቻ ከቲቢ የዳኑ ሁለት ሴቶች፣ አንዲት ሕንዳዊትና አንዲት ደቡብ አፍሪካዊት፣ ተቃወሙ፤ ሁለቱም የመስማት ችሎታቸውን በቀድሞው ሕክምና ያጡ ነበሩ። የሕንድ ፓተንት ቢሮ በመጋቢት 2023 ማመልከቻውን ውድቅ አደረገ። በዚያው ዓመት በግሎባል ድራግ ፋሲሊቲ በኩል የስድስት ወሩ የቤዳኩዊሊን ዋጋ ከግማሽ በላይ ወርዶ 130 ዶላር ሆነ። የጂን ኤክስፐርት ካርትሪጅም ከረጅም ውትወታ በኋላ በዚያው መስከረም ከ9.98 ወደ 7.97 ዶላር ዝቅ ብሏል።

እነዚህ ሁለት ቅናሾች ለባሕር ዳር ታማሚ ከብዙ ጉባኤ ይበልጥ ጠቅመዋል ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የተባበሩት መንግሥታት በ2018 እና በ2023 በቲቢ ላይ የመሪዎች ስብሰባ ጠርቷል፤ በሁለተኛው ላይ እስከ 2027 በዓመት 22 ቢሊዮን ዶላር ለመመደብ ቃል ተገብቷል። በ2023 በእውን የወጣው 5.7 ቢሊዮን ነበር።

ኢትዮጵያ የሰጠችው

ትብብሩን ሰጪና ተቀባይ ብሎ መክፈል ታሪኩን ያዛባዋል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢን በኢትዮጵያ ማከም በ2009 በአዲስ አበባው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ በዓመቱ ደግሞ ጎንደር ላይ ሲጀመር፣ መነሻው ካምቦዲያ ውስጥ የተፈተነ ታማሚን በቤቱ የመከታተል አሠራር ነበር። ሁለቱ ሆስፒታሎች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ካከሟቸው 612 ሰዎች ከአራቱ ሦስት በላይ በተሳካ ሁኔታ ጨርሰዋል። ይህ ውጤት በ2015 ሲታተም ከብዙ ሀብታም አገሮች የተሻለ ነበር። ከዚያ በፊት የጣና ዳር ሰው እንዲህ ያለ ቲቢ ሲይዘው የሚሄድበት አልነበረውም።

ስትሪም የተባለው፣ ረጅሙን ሕክምና ማሳጠር ይቻል እንደሆነ የፈተነው ጥናት ከተሠራባቸው አገሮች አንዷም ኢትዮጵያ ናት። ሌሎቹ በመጀመሪያው ዙር ሞንጎሊያ፣ ደቡብ አፍሪካና ቬትናም ነበሩ። የዓለም መመሪያ የተለወጠው እንደ እነዚህ ባሉ ታማሚዎች ፈቃድ ነው።

ሳይንሱ ውስጥ ደግሞ አንድ የራሳችን ነገር አለ። ተመራማሪዎች የቲቢ ባክቴሪያን በዘር ሐረግ ሲከፋፍሉ ስድስት ቤተሰቦችን ብቻ ያውቁ ነበር። በ2010ሮቹ መጀመሪያ ከሰሜን ኢትዮጵያ ታማሚዎች በተገኙ ናሙናዎች ላይ የኢትዮጵያና የአውሮፓ ተመራማሪዎች አብረው ሲሠሩ ሰባተኛው ተገኘ። በአማራ ክልል የሚታየው ይህ ሰባተኛ ሐረግ ከኢትዮጵያና ከዚህ ከተሰደዱ ሰዎች ውጭ እምብዛም አይገኝም። ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ታማሚው ሕመሙ ሳይጠናበት ቆይቶ ወደ ሕክምና ዘግይቶ ከመምጣቱ ጋር ሳያያዝ አልቀረም።

መተማ፣ ጠበልና የተዘጋ መንገድ

በየዓመቱ ከደጋው ብዙ ሺህ ሰው ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሑመራ ይወርዳል። በጠባብ መጠለያ ተደራርቦ ያድራል፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ሕክምና የጀመረ የቀን ሠራተኛ የወሩን ኪኒን ሳይጨርስ ቦታ ይቀይራል። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ደግሞ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በመተማ በኩል ገብተዋል፤ ከእነዚህ መካከል እዚያ ጀምረው ያቋረጡ ቢኖሩ የትኛውን መድኃኒት ስንት ወር እንደወሰዱ የሚያሳይ ወረቀት ይዘው የሚመጡት ጥቂት ናቸው። በድንበር ላይ ትብብር ማለት ይህችን ወረቀት በሁለቱም ወገን እንድትነበብ ማድረግ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በሌላኛው ወገን የሚያነብ መሥሪያ ቤት ሲፈርስ የሚተባበሩት የለም።

በጣና ዙሪያ ያሉ የጠበል ቦታዎችም እንዲሁ። ሕመሙ ያልታወቀለት ሰው ለሳምንታት ከሌሎች ሕሙማን ጋር በአንድ ቤት ያድራል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች በእነዚህ ቦታዎች ቲቢ ከሌላው ሕዝብ በብዙ እጥፍ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ጠበሉን ከኪኒኑ ጋር ማጣላት አይጠቅምም፤ ምርመራውን ወደ ጠበሉ ደጃፍ መውሰድና ከካህናቱ ጋር መስማማት ግን ብዙ ታማሚ ያስገኛል። ይህም የሰው ጉልበትና የመኪና ነገር ነው።

ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በክልሉ ያለው ግጭት ሁሉንም አክብዶታል። መንገድ በተዘጋበት ሳምንት የማንም ለጋሽ ገንዘብ ናሙና አያሻግርም።

ሁለቱ ክርክሮች

አንዱ ወገን እርዳታ አገሪቱን አሳንፏል ይላል። ፕሮጀክቶች የራሳቸውን መኪና፣ የራሳቸውን ሪፖርት፣ የራሳቸውን ደመወዝ ይዘው ስለሚመጡ ወረዳው ሥራውን የኔ ሳይለው ይቀራል፤ ሲወጡም ሁሉን ይዘው ይወጣሉ። በዚህ ውስጥ ብዙ እውነት አለ። ፕሮጀክት ሲዘጋ ናሙና የሚያመላልሰው ሰው አብሮ መሄዱ ራሱ የትችቱ ማስረጃ ነው፤ ያ ሰው ከመጀመሪያው በወረዳው መደብ ላይ ቢቀጠር ኖሮ ዛሬም በቦታው ይገኝ ነበር።

ሌላው ወገን ድንገት መቆሙን እንጂ መቀነሱን አይደለም የምቃወመው ይላል። ከ2000 እስከ 2023 ዓለም አቀፉ ጥረት 79 ሚሊዮን ሕይወት እንዳተረፈ የዓለም ጤና ድርጅት ያሰላል። ይህን ያህል የተገነባ ነገር በሳምንት ውስጥ ወደ ደሃ አገር በጀት አይዛወርም። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ፤ ነገር ግን መጀመሪያ የተባለውን ሳይመልሱ እርዳታው ይመለስ ብቻ ማለት ያንኑ ስሕተት መድገም ይመስለኛል። ከውጭ መምጣት ያለበት አንድ አገር ብቻውን የማይሠራው ነው፦ የጋራ ግዢ፣ የፓተንት ድርድር፣ የክትባት ምርምር። ኤም72 የተባለው ክትባት ከ2024 ጀምሮ በአምስት አገሮች ወደ 20,000 ሰዎች ላይ እየተፈተነ ነው፤ በዋናነት ሕፃናትን ከሚጠብቀው ከ1921ዱ የቢሲጂ ክትባት በኋላ ዓለም አዋቂን ከቲቢ በአስተማማኝ የሚከላከል ክትባት አላገኘም። የጀልባ ዋጋና በረዶ ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገቡም።

ምን ሊከተል ይችላል?

ማነጻጸሪያ የሚሆነን 2020 ነው። በኮቪድ ሰበብ ምርመራ ሲስተጓጎል በዓለም ዙሪያ አዲስ የተመዘገቡ ታማሚዎች ከ7.1 ሚሊዮን ወደ 5.8 ሚሊዮን ወረዱ። በሽታው አልቀነሰም፤ የሚያየው ጠፋ እንጂ። ብዙም ሳይቆይ ለዓመታት ሲወርድ የነበረው የሞት ቁጥር ወደ ላይ ተመለሰ። በ2023 ምርመራው ሲያገግም 8.2 ሚሊዮን ሰው ተመዘገበ፤ ያን ዓመት 10.8 ሚሊዮን ሰው እንደታመመና 1.25 ሚሊዮን እንደሞተ ይገመታል።

ስለዚህ በመጪዎቹ ዓመታት የወረዳ ሪፖርት ላይ የቲቢ ታማሚ ቁጥር ሲቀንስ ቢታይ ለደስታ መቸኮል አይገባም። መጀመሪያ የሚታየው ስንት ሰው ተመረመረ የሚለው ነው። ምርመራው ካልቀነሰና ታማሚው ከቀነሰ መልካም ዜና ነው፤ ሁለቱ አብረው ከወረዱ ግን ያልተገኙት ሰዎች ቤታቸው እያሳሉ ነው። ያልታከመ አንድ ታማሚ በዓመት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ለሚደርሱ ሰዎች ባክቴሪያውን ሊያቀብል ይችላል።

መድኃኒት የተላመደው ቲቢ ጉዳቱ ዘግይቶ ነው የሚገለጠው። ኢትዮጵያ ይህ ዓይነቱ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች ዝርዝር በ2021 ወጥታለች፤ ከአጠቃላይ ቲቢና ከኤችአይቪ ጋር ከተያያዘው ቲቢ ዝርዝሮች ግን ያኔ አልወጣችም። ከዚያ ዝርዝር ውጭ እንደሆነች እንድትቆይ እያንዳንዱ ሪፋምፒሲንን የተላመደ ናሙና ባሕር ዳርን ወደመሰለ ላቦራቶሪ በጊዜ መድረስ አለበት።

የአገሪቱ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል። የቲቢን ነገር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በወረዳው በጀት ላይ «መድኃኒት» የሚለውን መደብ ትቶ «ትራንስፖርት»ና «የመሣሪያ ጥገና» የሚሉትን ቢያይ ይሻለዋል። የደቁ ዓሣ አጥማጅ ሰኞ ጠዋት የሰጠው ናሙና ውጤት ማክሰኞ ወይም በሦስተኛው ሳምንት እንዲደርሰው የሚወስኑት እነዚያ ሁለት መስመሮች ናቸው።